ሸይኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን፡ ከቤላ ሻንጉል ወርቅ እስከ ጉለሌ ግቢ



ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊድ ደጃፍ የሚቀመጡ አባቶቻችንን ወሬ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ወሬው ዞሮ ዞሮ ሥራ ላይ ይወድቃል። አንዱ ሾፌር ነበሩ፣ ኋላ ሱቅ ከፈቱ። ሌላው መንግሥት ቤት ገብተው ነበር፣ መንግሥት ሲለወጥ ወጡና ወደ ንግድ ዞሩ። ሌላው ደግሞ ስንት አለቃ እንዳሳለፉ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ዕድሜ ሲገፋ ሰው የኋላውን ማየት ይጀምራል። ምን ሠራሁ? ለማን ሠራሁ? ያገኘሁትስ ከየት መጣ? ይላል። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በከተማችን በኖሩ፣ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ በየቀኑ በሚጠራ አንድ ሰው ሕይወት ላይ ያነሣል።

በቅርቡ አንድ የታመመ ወዳጅ ለመጠየቅ ወደ ቁስቋም ወጥተን ነበር። ቁስቋም በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው። ከላይ ባሕር ዛፉ አለ፤ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ። በአቅራቢያው ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎቹ መንደር ነው። የሰፈሩ ስም በግብፅ አገር ካለ ቦታ የመጣ ነው፤ ክርስቲያን ወገኖቻችን ማርያም ከልጇ ጋር የተሰደደችበት ብለው የሚያከብሩት ተራራ ስም ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆነን ቁልቁል ወደ ምዕራብ ስናይ ደግሞ የዚያው የጉለሌ ሌላ ጫፍ ታሰበን። ሸጎሌ። የታክሲ ረዳቶች ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠሩት፣ የከተማው አውቶቡሶች ዴፖ ያለበት ሸጎሌ።

ቁስቋም ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ብዙ ነው። ሸጎሌ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ከእኛ ከሙስሊሞች መካከልም ጭምር። ሸጎሌ የአንድ ሙስሊም ሰው ስም ነው። ሸይኽ ኾጀሌ የሚለው ስም በሰው አፍ ሲመላለስ ተሸራርፎ ሸጎሌ ሆነ። ሰውየው የቤላ ሻንጉሉ ገዢ ሸይኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ናቸው። ጉለሌ ውስጥ ግቢ ነበራቸው፤ ቤታቸውም ከአዲስ አበባ ጥንታዊ ቤቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

የሸይኹን ታሪክ ስንጽፍ ለማሞገስ ብቻ ብንጽፍ ይቀለን ነበር። ሙስሊሞች በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥት አካባቢ ቦታ ያገኙ ጥቂት ነበሩና፣ ስማቸው ሲነሣ ደስ ይለናል። ነገር ግን የእኚህ ሰው የሥራ ዘመን ሁለት ገጽ አለው። ሁለቱንም እንደየመልኩ እናቅርብ።

የወርቅ አገር ልጅ

ሸይኽ ኾጀሌ በ1817 ዓ.ም. ግድም (እ.ኤ.አ. 1825) እንደተወለዱ ይነገራል። የሞቱት በ1930 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1938) ነው። የልደቱ ዘመን ትክክል ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል ማለት ነው። ትንሽ እንኳ ብንቀንስለት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ተወልደው የጣልያን አውሮፕላን በአገሩ ሰማይ ላይ ሲበር እስከ ማየት የደረሱ ሰው ናቸው።

የትውልድ አገራቸው ቤላ ሻንጉል፣ ዛሬ አሶሳ ዋና ከተማው በሆነችው ክልል ውስጥ ያለ፣ ከሱዳን የሚዋሰን አገር ነው። በአካባቢው በርታ ቋንቋ ቤላ ማለት ድንጋይ ነው። ነዋሪው ከጥንት ጀምሮ የበርታ ሕዝብ ሲሆን፣ ከሱዳን በኩል የመጡ ዐረብ ነጋዴዎችና የሃይማኖት መምህራን በመካከሉ ሰፍረው፣ ከአገሬው ተጋብተው፣ እስልምናን አስፋፍተዋል። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው ወገን ወጣዊጥ ይባል ነበር። ቃሉ በዐረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው። የሌሊት ወፍ ከወፍም ከአይጥም ሙሉ በሙሉ እንደማትቆጠር፣ እነዚህም ሰዎች ከሁለት ወገን የተገኙ ናቸው ለማለት የወጣ ስም ነው። ሸይኽ ኾጀሌ ከዚህ ወገን ነበሩ።

ይህ የሁለት ወገን ልጅነት በዚያ አገር ሥራ ነበር ማለት ይቻላል። ከሱዳን ገበያ ጋር የሚነጋገሩት፣ ከውስጥ ደግሞ ወርቁን የሚሰበስቡት እነሱ ነበሩ። ወርቁ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ አልነበረም። በወንዞችና በጅረቶች አሸዋ ውስጥ ያለ ወርቅ ነው። ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ውሃ ውስጥ ቆመው በእንጨት ገበታ አሸዋውን እያጠቡ ጥቂት በጥቂት ይለቅሙታል። የቀን ሙሉ ድካም ብዙ ጊዜ ከጥፍር በላይ አይሆንም። ያ ጥፍር የምታህል ወርቅ ተጠራቅማ የነጋዴውን ኪስ፣ ከዚያ የሸይኹን ቤት፣ ከዚያም የሩቅ ነገሥታትን ግምጃ ቤት ትሞላ ነበር።

ሩቅ ነገሥታትም አልቀሩም። የግብፁ ገዢ ሙሐመድ ዐሊ ጦር በ1813 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1821) የስናርን የፉንጅ ሱልጣኔት አፍርሶ ወደ ደቡብ ሲገፋ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነበር። ወርቅና ለወታደርነት የሚሆን ባሪያ። ሙሐመድ ዐሊ ራሳቸው በስተርጅና ዕድሜያቸው የወርቁን ነገር በዓይናቸው ለማየት እስከ ፋዙግሊ ድረስ መጥተዋል። ያን ጊዜ ኾጀሌ ገና ልጅ ናቸው። ስለዚህ ካደጉበት አገር የተማሩት የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነበር፤ ኃያል መንግሥት ይመጣል፣ ወርቅና ሰው ይጠይቃል፣ የሚሰጠውን ያስቀምጠዋል፣ የማይሰጠውን ያጠፋዋል።

የመጀመሪያው ሥራ፡ በሁለት ኃይሎች መካከል

በሱዳን በ1873 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1881) የመህዲ እንቅስቃሴ ተነሣ። በጥር 1877 ዓ.ም. ካርቱም ወደቀች። የቱርክና የግብፅ አገዛዝ ሄደ፤ በምትኩ የመህዲያው መንግሥት መጣ። ማዕበሉ ቤላ ሻንጉልም ደረሰ። የአገሬው ገዢዎች አንዳንዴ ሲገብሩ፣ አንዳንዴ ሲያፈገፍጉ፣ አንዳንዴም ሲዋጉ ያን ዘመን አሳለፉት።

በዚያ ጊዜ አገሩ በአንድ ገዢ ሥር አልነበረም። ከገናኖቹ ግዛቶች መካከል ሦስቱ ይነሣሉ፤ ቤላ ሻንጉል፣ ኾሞሻና አቆልዲ። አቆልዲ የዛሬዋ አሶሳ ያለችበት አካባቢ ነው። ሸይኽ ኾጀሌ የአቆልዲ ገዢ ነበሩ። የቤላ ሻንጉሉ ገዢ ደግሞ ሸይኽ ዐብዱራሕማን ኾጀሌ ይባሉ ነበር። ስማቸው ስለሚመሳሰል አንባቢ እንዳያምታታ እናሳስባለን፤ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች፣ እንዲያውም ተፎካካሪዎች ነበሩ።

የእነዚህ ሸይኾች መተዳደሪያ ንግድ ነው። ወርቁን ይቀበላሉ፣ ከሚያልፈው ነጋዴ ቀረጥ ይወስዳሉ። ከሱዳን ጨርቅ፣ ከደጋው ቡና ይመጣል። የሰው ንግድም አለ። መሣሪያ ያለው መሣሪያ የሌለውን ይዘርፋል፣ ይሸጣል። ይህ የዚያ ዘመን የድንበር ኑሮ ነው። የአንድ ሰው ክፋት ብቻ ብለን የምናልፈው አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ዘመኑ ነው ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ሥራ፡ እስረኛ

ዐድዋ ላይ ድል ከተገኘ በኋላ ዐፄ ምኒልክ ዓይናቸውን ወደ ምዕራብ አዞሩ። ከሰሜን በኩል የእንግሊዝና የግብፅ ጦር የመህዲያውን መንግሥት ለማፍረስ ወደ ካርቱም እየገፋ ነበር። ፈረንሳዮችም ወደ ነጭ አባይ እየመጡ ነበር። ምኒልክ ድንበራቸውን ሌሎች ከመድረሳቸው በፊት መያዝ ፈለጉ። የወርቁም ወሬ ከጆሯቸው አልጠፋም። በ1890 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1897/98) የሐረሩን ገዢ ራስ መኮንንን ከብዙ ጦር ጋር ወደ ቤላ ሻንጉል ላኩ። ራስ መኮንን ሐረርን ከአሥር ዓመት በላይ ያስተዳደሩ፣ ከሙስሊም ሹማምንት ጋር መሥራት የለመዱ ሰው ነበሩ።

አገሩ ተዋግቶ ተሸነፈ። ብዙ ሰው አለቀ። የገዢዎቹ የቆየ ፉክክርም አንድ ሆነው እንዳይቆሙ አድርጓቸዋል። በግንቦት 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል ቤላ ሻንጉል በኢትዮጵያ በኩል ሆና ቀረች። ሸይኾቹ ግን ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ሸይኽ ኾጀሌም ከአገራቸው ርቀው፣ ቆላ የለመደው አካላቸው በእንጦጦ ብርድ ሥር፣ በእስር ዓመታትን አሳለፉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በሚነገረው የልደት ዘመን ከሄድን ሸይኹ ያን ጊዜ ከሰባ ዓመት በላይ ነበሩ። በዛሬ ቋንቋ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ግዛታቸው ሄዷል፣ ዕድሜያቸው ሄዷል፣ የሚናገሩት ዐረብኛ በአዲሷ ከተማ ጥቂት ሰው ብቻ የሚሰማው ነው። የብዙ ሰው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። የሸይኽ ኾጀሌ ትልቁ ሥራ ግን የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ሥራ፡ የንጉሠ ነገሥቱ ሹም

ምኒልክ ሩቅ አገርን ለመግዛት ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ የራሳቸውን ነፍጠኛ አስፍሮ መግዛት ነው። ሁለተኛው የአገሬውን ገዢ በቦታው አስቀምጦ ግብር መቀበል ነው። ቤላ ሻንጉል ቆላ ነው፤ ወባ አለ፤ የደጋው ወታደር እዚያ ሰፍሮ መኖር ይቸግረዋል። ወርቁን ከወንዝ የሚያስለቅመውም ሰውን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ ተመረጠ። ሸይኽ ኾጀሌ ከእስር ተፈትተው ግብር ሰብሳቢና ገዢ ሆነው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በእስር የቆዩባቸው ዓመታት ከንቱ አልሆኑም ማለት ይቻላል። የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነ፣ ምን ሲቀርብ ደስ እንደሚሰኝ በቅርብ አይተዋል። ሲመለሱ ከተፎካካሪዎቻቸው የበለጠ የሚያውቁት ይህን ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌሎቹ ሸይኾች ደበዘዙ፤ የማዕከላዊውን መንግሥት ኃይል ከጀርባቸው ያደረጉት ኾጀሌ የቤላ ሻንጉል ታላቅ ሰው ሆኑ። ድሮ የአቆልዲ ብቻ የነበረው ሥልጣናቸው አገሩን ሁሉ ሸፈነ። በየዓመቱም ወርቁ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሥታት ተለዋወጡ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. አረፉ። ልጅ ኢያሱ መጥተው በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በልጅ ኢያሱ ጊዜ ለሙስሊሞች ቅርብ ሆነው የታዩ ብዙ ሰዎች በለውጡ ተጎድተዋል። ሸይኽ ኾጀሌ ግን ቀሩ። ምሥጢሩ ሩቅ አይደለም። ወርቅ ለሁሉም ንጉሥ ወርቅ ነው።

ስለ ግብሩ ሌላ ገጽ

አሁን የምንጽፈው ክፍል ለመጻፍም ለማንበብም የሚከብድ ነው።

ግብሩ ወርቅ ብቻ አልነበረም። ሰውም ነበረበት። ከቤላ ሻንጉልና ከአካባቢው ቆላዎች የተያዙ ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ ወደ አዲስ አበባ ይመጡ ነበር። በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ ቤት እንጨት ፈለጡ፣ ውሃ ቀዱ፣ እህል ፈጩ፣ ቤት ሠሩ። ይህች እኛ የምንኖርባት ከተማ ስትቆረቆር ሥራውን ከሠሩት እጆች መካከል የእነሱ አሉበት። ስማቸው ግን በየትኛውም ሰፈር ላይ አልቀረም። የቀረላቸው የሚያዋርድ መጠሪያ ነበር፤ እሱንም ዛሬ አንደግመውም።

ንግዱ ወደ ሌላውም አቅጣጫ ይፈስ ነበር። ከሸይኹ ባለቤቶች አንዷ ሲት አምና በድንበሩ አካባቢ ተቀምጠው ሰዎችን ወደ ሱዳን በማሻገር ንግድ ስማቸው የታወቀ ነበር። ሱዳን ያን ጊዜ በእንግሊዝ እጅ ናት፤ የባሪያ ንግድ በሕግ የተከለከለ ነው። ከድንበር የተሻገሩት ሰዎች በነጭ አባይ አካባቢ ላሉ ከብት አርቢዎችና ገበሬዎች ተሽጠው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የሱዳን መንግሥት ነገሩን ደርሶበት ሲት አምናን ያዘ፤ ለፍርድም አቀረባቸው። ከተሸጡት ብዙዎች ነፃ ወጡ። ከጌቶቻቸው አምልጠው በራሳቸው እግር ድንበር የተሻገሩም ብዙ ነበሩ።

ይህ ሁሉ የሆነው ኢትዮጵያ በዓለም ፊት ቃል ገብታ ባለችበት ጊዜ ነው። በመስከረም 1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1923) አገራችን የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር። ከዚያም በ1916 እና በ1923 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። ስለዚህ የሲት አምና ነገር ጄኔቫ ድረስ የሚሰማ ነውር ሆነ። አንድ ጊዜ ለቤተ መንግሥቱ ግብር ሆኖ ይቀርብ የነበረው ነገር፣ ያው ቤተ መንግሥት የሚያፍርበት ሆነ። ሥራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዘመኑ ነው። ሸይኽ ኾጀሌ በረጅም ዕድሜያቸው መንግሥታትን ሁሉ በብልሃት አልፈው ነበር። ይህን ለውጥ ግን በወርቅ ማለፍ አልተቻለም።

የጉለሌው ሽማግሌ

በኋለኛው ዕድሜያቸው ሸይኽ ኾጀሌ በአዲስ አበባ ይቀመጡ ነበር፤ ግዛታቸውን በአካባቢው የሚጠብቁላቸው ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። አዲስ አበባ መቀመጥ ክብርም እስርም ነበር። የሩቅ አገር ገዢ ከንጉሡ ዓይን ሥር ሲኖር፣ ይከበራል፤ ግን እንደፈለገ አይሄድም። ኃይለ ሥላሴም የአውራጃ ታላላቆችን ወደ ከተማ አቅርቦ መያዝን ከማንም በላይ ያውቁበት ነበር።

ጉለሌ ያን ጊዜ የከተማ ዳር ነው። ከእንጦጦ የሚወርዱ ጅረቶች፣ አዲስ የተተከለ ባሕር ዛፍ፣ ከጎጃም መንገድ የሚገቡ ሲራራ ነጋዴዎች። ከቤላ ሻንጉል ተከትለዋቸው የመጡ ሰዎች በግቢው ዙሪያ ይኖሩ እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ የአንድ ሰው ስም የሰፈር ስም የሚሆነው ሰውየው ብቻውን ሲኖር አይደለም። ከመርካቶ የሚመጣ እንግዳ፣ ወርቅ ይዞ የሚገባ መልእክተኛ፣ ጉዳይ ያለበት ሙስሊም ሁሉ ወዴት ነህ ሲባል ወደ ሸይኽ ኾጀሌ ይላል። ቀስ በቀስ የሰውየው ስም የቦታው ስም ሆነ።

በዚያ ግቢ ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌ ምን ያስቡ እንደነበር የምናውቅበት መንገድ የለንም፤ በአፋቸውም ቃል አናስገባም። ግን የኋላውን ለሚያይ ሰው የሚታየው ረጅም ነው። በሙሐመድ ዐሊ ዘመን ያለፈ ልጅነት አለ። የመህዲያው ዘመን አለ። የራስ መኮንን ጦር አለ። እስር ቤት አለ። ሹመት አለ። የኢትዮጵያ ገዢዎች በሰዓታቸው አለፉ። ሥራ መለወጥ እንዲህ ከሆነ፣ እሳቸው ከማንም በላይ ለውጠዋል። ነጋዴ፣ የጎሣ ገዢ፣ እስረኛ፣ የንጉሥ ሹም፣ የከተማ ባላባት። የሚገርመው ደግሞ ሥራቸው ሲለወጥ መተዳደሪያቸው አለመለወጡ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሌላ ሰው እጅ የሚለቀም ወርቅና በራሱ ላይ ሥልጣን ያልነበረው ሰው ጉልበት ነበር።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1930 ዓ.ም.፣ ሸይኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ወደማይቀረው ሄዱ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። በባርነት የተያዙ ሰዎች ነገር በኢትዮጵያ ሕግ ያበቃው ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው።

ለእኛ ምን ይቀረናል

ውድ አንባብያን፣ ይህን ታሪክ ለምን አነሣነው? አንዳንድ ወንድሞች የራሳችንን ሰው ገመና ማውጣት ምን ይጠቅማል ሊሉን ይችላሉ። ሐሳቡ ይገባናል። የሙስሊሙ ታሪክ በዚህ አገር ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ቀርቷል። ስለዚህ የተገኘውን ሁሉ ማስዋብ እንፈልጋለን። ነገር ግን ሌላው ጽፎት የምናገኘው ታሪክ ከሚያሳፍረን፣ እኛው ራሳችን በፍትሕ ብንጽፈው ይሻላል። አላህም በራሳችን ላይ እንኳ ቢሆን በእውነት እንድንመሰክር አዞናል።

ሃይማኖታችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ቁርኣን ባሪያን ነፃ ማውጣት የጽድቅ ዳገት መውጫ አድርጎ አስቀምጦታል። ለዘካ ከተወሰኑት ስምንት ክፍሎች አንዱ በባርነት የተያዙትን ለማስለቀቅ ነው። ለተለያየ ጥፋት ማካካሻ የተደረገውም ይኸው ነው። የኛው የሐበሻው ቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ.) በትኩስ አሸዋ ላይ ከተንጋለሉ በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ.) ገዝተው ነፃ አወጧቸው፤ የመጀመሪያውን አዛን ያሰሙት እሳቸው ናቸው። በእስልምና ስም የሚጠራ ሰው ነፃ ሰውን አሳድዶ ሲሸጥ፣ ያ የእስልምና ሥራ አይደለም። ገዢው ክርስቲያን ንጉሥ ሲቀበለውም የክርስትና ሥራ አይደለም። ሁለቱም የተስማሙበት የገንዘብ ሥራ ነው። ወርቁ በሙስሊም እጅ ተሰብስቦ በክርስቲያን ግምጃ ቤት ገባ፤ የተሸጠው ሰው ግን ለሁለቱም ሰው አልነበረም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው በትንሣኤ ቀን ከሚጠየቃቸው ነገሮች መካከል ዕድሜውን በምን እንደጨረሰ፣ ገንዘቡንም ከየት እንዳገኘና በምን እንዳወጣው እንደሚገኝበት አስተምረውናል። ልብ በሉ፤ ገንዘቡ ሁለት ጥያቄ አለበት። በምን አወጣኸው ለሚለው ብዙዎቻችን መልስ እናዘጋጃለን። መስጊድ አሠርቻለሁ፣ ሰደቃ ሰጥቻለሁ፣ ዘመድ ረድቻለሁ እንላለን። ከየት አገኘኸው የሚለው ግን ቀድሞ የሚመጣ ነው። በመስጊድ ደጃፍ ተቀምጠው የሥራ ዘመናቸውን የሚቆጥሩ አባቶቻችን ይህን ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ከእነሱ አንዱ፣ ወጣት ሳሉ ለጥቂት ወራት የያዙትን ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ትተው የወጡበትን ምክንያት ሲያወሩ ሰምተናል። ሚዛኑ ልክ አልነበረም፤ አለቃቸው አስተካክሉት ሲባሉ አልሰሙም፤ እሳቸው ወጡ። ለብዙ ጊዜም በችግር ኖሩ። ሲያወሩት ግን ፊታቸው ላይ ጸጸት አላየንም።

ሸይኽ ኾጀሌን እኛ አንፈርድባቸውም። ፍርዱ የአላህ ነው፤ ሰው በመጨረሻው ሰዓት በልቡ ምን እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ብልሃታቸውን፣ ጽናታቸውን፣ ከሰባ ዓመት በኋላ ከእስር ቤት ወጥተው እንደገና መነሣታቸውን እናደንቃለን። በሥራ ዓለም ተስፋ ለቆረጠ ሰው ትምህርት አለው። ልጆቻችን ግን ይህን ሲማሩ ያኛውንም ገጽ ይማሩት። ሸጎሌ ማለት የአንድ ሙስሊም ገዢ ስም ነው ብለን በኩራት ስንነግራቸው፣ በዚያው ትንፋሽ በወንዝ ውስጥ ቆመው ወርቅ ያጠቡትን እናቶች፣ በእግራቸው ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ የተነዱትን ስም የለሽ ሰዎች እንንገራቸው። ከእነሱም ብዙዎቹ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸውም ዛሬ በመካከላችን፣ በሶፋችን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ይሰግዳሉ።

ከቁስቋም ስንወርድ መሽቶ ነበር። እንጨት የተሸከሙት እናቶች ሽሮ ሜዳ ደርሰው ሸክማቸውን አስደግፈው ያርፉ ነበር። ታክሲ ውስጥ ገባን። ረዳቱ የሰፈሮቹን ስም እያከታተለ ይጣራል፤ ሸጎሌም ከመካከላቸው ነበረች። ከእኛ ጋር ለተቀመጠ አንድ ወጣት ስሙ ከየት እንደመጣ ነገርነው። ወርቁንም ሰዎቹንም አልደበቅነውም። እስከሚወርድበት ድረስ ዝም ብሎ ሰማን፤ ሲወርድም የሸይኹ ቤት የት ጋ እንደሆነ ጠየቀን።

አላህ የሥራ ዘመናችንን ፍጻሜ ያሳምርልን፤ ሲሳያችንንም ሐላል ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።